የአውሮፓ የቡድን ጉብኝት፦ ከቀብድ እስከ አውቶቡሱ ወንበር

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መርሐ ግብሩን እስክሪብቶ ይዘው ቀን በቀን ያንብቡ፤ ከእያንዳንዱ አዳር ጎን አገሩን ይጻፉ። ቪዛው የት እንደሚጠየቅ፣ ኢንሹራንሱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚገዛ፣ የትኛው ገንዘብ እንደሚያዝ የሚታወቀው ከዚህ ወረቀት ነው።

የሸንገን ቪዛ 29 የአውሮፓ አገሮች ያስገባል፤ የሚጠየቀው ግን ብዙ ሌሊት ከሚታደርበት አገር ነው። ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ከሚገባበት አገር ይጠየቃል። አውሮፕላኑ ሮም ስለሚያርፍ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ፈረንሳይ ለሚያሳልፍ ጉብኝት ለጣሊያን ማመልከት የተለመደ ስህተት ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ይገባል፤ ሕጉ ቢዘገይ ጉዞው 15 ቀን እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳል። ይሁንና ውሳኔው ራሱ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ስለሚችል፣ በዚያ የመጨረሻ ቀን መተማመን ቀብዱን እንደ መጣል ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው። ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት የወጣ፣ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመግቢያው ብዛት ነው። ከፓሪስ ለንደን ደርሶ አምስተርዳም የሚገባ ጉብኝት ከሸንገን ወጥቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለንደን ላይ ያበቃለታል፤ ለብሪታንያም ለብቻው ቪዛ ያስፈልጋል። በክሮኤሺያ ጉብኝት ላይ ሞስታር ወይም ኮቶር ካለ ነገሩ ያው ነው፤ ቦስኒያና ሞንቴኔግሮ ሸንገን አይደሉም። ወደ ዱብሮቭኒክ የሚወስደው የቆየው መንገድም ኔኡም ላይ ቦስኒያን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የፔልዬሻትስ ድልድይ ይህን ያስቀራል፤ አውቶቡሱ በየትኛው እንደሚሄድ አስጎብኚውን ይጠይቁ።

ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ሙሉ ቆይታውን የሚይዝ መሆን አለበት። ይህ ግን ለቪዛው የሚበቃ ብቻ ነው፤ ጉዞው ቢሰረዝ ወይም ሻንጣ ቢጠፋ ላይከፍል ይችላል። ቪዛ ቢከለከሉ ከቀብዱ ምን ያህሉ እንደሚመለስም በጽሑፍ ያስሰጡ፤ የቃል ተስፋ በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ስምዎን ለአስጎብኚው ሲሰጡ በፓስፖርቱ ፊደል ልክ ይሁን። እንደ ኮሎሲየም ያሉ ቦታዎች ቲኬት በስም ስለሚቆርጡ በር ላይ መታወቂያ ይመሳከራል።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። «ሾፌሩ ለምን ትንሽ አይጠብቀንም?» የሚለው ቅሬታ በየቡድኑ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ በቀን የሚነዳው 9 ሰዓት ነው፣ 10 ሰዓት መንዳት የሚችለውም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ። ሰዓቱ በመሣሪያ ይመዘገባል። ጠዋት 20 ደቂቃ ቢያረፍዱ የሚቆረጠው ከሾፌሩ እረፍት ሳይሆን ከጉብኝቱ ነው፤ በሰዓት የተቆረጠ የሙዚየም ቲኬትም ሊቃጠል ይችላል። በነገራችን ላይ፣ መርሐ ግብሩ ላይ 7:30 ሲል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

አውቶቡስ ሁልጊዜ ደጃፍ ድረስ አይገባም። ቬኒስ ላይ ከደሴቲቱ ጠርዝ ተወርዶ በጀልባ ወይም በእግር ይሄዳል፤ አሮጌ ከተሞች ድንጋይ ንጣፍ ናቸው። ስለዚህ የተለማመዱት ጫማ ይያዙ፤ አዲስ ጫማ በሁለተኛው ቀን ተረከዝ ይልጣል። ሻንጣው አንድ፣ ብቻዎን አንስተው ደረጃ የሚወጡበት ይሁን። አንድ ሌሊት ብቻ ለሚታደርባቸው ከተሞች ፒጃማ፣ መድኃኒትና የጥርስ ብሩሽ ለብቻ በትንሽ ቦርሳ ያድርጉ። መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ከእጅዎ አይለይ። ፓወር ባንክም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም። ቀጭን፣ ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ ጣሊያንና ስዊዘርላንድን ጨምሮ በአብዛኛው አህጉር ይገባል፤ ወፍራሙ ግን ሁለቱ አገሮች ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ብሪታንያ ሌላ ነው። ለቫቲካን ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ አይርሱ።

የዩሮ ሳንቲም ይያዙ፤ በመንገድ ዳር ማረፊያዎች ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። የከተማ ግብር በብዙ የጣሊያን ከተሞች ለአንድ ሰው በሌሊት የሚከፈል ሲሆን፣ ከጥቅሉ ዋጋ ውጭ ሆኖ ሆቴሉ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ስዊዘርላንድ ፍራንክ፣ ቼክ ኮሩና፣ ሃንጋሪ ፎሪንት ነው። የካርድ ማሽን «በራስዎ አገር ገንዘብ ይከፈል?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ይበሉ፤ ምንዛሪው ይበላዎታል።

የእያንዳንዱን ሆቴል አድራሻና የአስጎብኚውን ስልክ በወረቀት ይጻፉ፤ ስልክ ሜትሮ (የከተማ ባቡር) ውስጥ ሊሰረቅ ይችላል፣ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። የፓስፖርቱን ኮፒ ከዋናው ለይተው ያስቀምጡ። ከቡድኑ ከተለዩ አውቶቡሱን አያሳድዱ፤ ቡድኑን መጨረሻ ያዩበት ቦታ ቆመው ይደውሉ። በ15 ደቂቃ ውስጥ መልስ ካላገኙ ታክሲ ይዘው ሆቴል ይግቡና ለአስጎብኚው መልእክት ይተዉ። 112 (የአውሮፓ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር) ለአደጋ እንጂ ለዚህ አይደለም።