«ደሲ የሚባል አገር የት ነው?» የድርጅት መለያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደሴ ላይ ሎጎ፣ ቢዝነስ ካርድና የደብዳቤ ወረቀት እሠራለሁ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ አዲስ ሊያሠራ ሳይሆን የተበላሸ ሊያስጠግን ነው። በር ላይ ቆሞ የሚናገረው ችግርና ችግሩን ያመጣው ነገር ደግሞ እምብዛም አይገናኙም፤ «ቀለሙ ተበላሸ» የሚለኝ ሰው ሎጎ ብዙ ጊዜ ቅርጹ ነው የታመመው። እዚህ የጻፍኳቸውን ችግሮች ደንበኞቼ በሚሉበት ቃል ሰይሜያቸዋለሁ።

«ማህተሙ ላይ ጠቁሮ ወጣ»

በዚህ ልጀምር፤ ጥፋቱ የራሴ ነበርና። ደንበኛዬ አንድ የእህል ነጋዴ ሀጂ ነበሩ። ሎጎአቸው ላይ የጦሳን ተራራ፣ ከጀርባው የምትወጣ ፀሐይ፣ ከፊቱ ሁለት የስንዴ ዛላ፣ ከሥሩ ስማቸውን አስገባሁ። ላፕቶፕ ላይ ሳሳያቸው «ማሻአላህ» አሉ፤ እኔም ኮራሁ። ማህተሙ ተቀርጾ መጥቶ ወረቀት ላይ ሲያሳርፉት ግን ተራራውም ፀሐይዋም ስንዴውም አንድ የቀለም ጠብታ ሆኑ። ዙሪያው ላይ «ደሴ» ያልኩት «ደሲ» ተብሎ ይነበባል። ሀጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ደሲ የሚባል አገር የት ነው?» አሉኝ።

መንስኤው የቦታ ጥበት ነው። የለመድነው ክብ ማህተም ዲያሜትሩ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን የድርጅቱ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲይዘው፣ መሀል ላይ ለሎጎ የሚተርፈው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ቀለሙ አንድ ብቻ ስለሆነ ደማቅና ፈዛዛ ብሎ መለየት የለም። በዚያ ላይ ቀለሙ ወረቀት ውስጥ ሲሰርግ ትንሽ ስለሚሰፋ ጠባብ ክፍተት ይደፈናል። ፊደላችን ለዚህ ችግር በጣም የተጋለጠ ነው፤ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናትና። የ«ሴ» እግር ሥር ያለችው ቀለበት ከተደፈነች «ሲ» ሆነች ማለት ነው። «ቤ»ና «ቢ»፣ «ቴ»ና «ቲ»፣ «ሌ»ና «ሊ» ላይም ያው ነው።

መፍትሄው ሥራውን ከማህተም መጀመር ነው። ከታፔላም ከፌስቡክ ገጽም በፊት ሎጎውን በጥቁር ብቻ ሳሉት፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አድርጋችሁ በተራ ወረቀት አትሙት። የታተመውን ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ ኮፒውን ደግሞ መልሳችሁ ኮፒ አድርጉ። ከዚያ የተረፈው ነው ሎጎአችሁ፤ የጠፋው መጀመሪያውንም ጌጥ ነበር። በዚህ መጠን ላይ ማናቸውም ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር እንዳያንስ እጠነቀቃለሁ።

የፊደል ቅርጹም ለብቻው ይታሰብበት። ኒያላና አቢሲኒካ የሚባሉት የኮምፒውተር ፊደላት (ፎንቶች) ለረጅም ጽሑፍ ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ቀጭንና ወፍራም መስመር ስለሚያፈራርቁ ማህተም ላይ ቀጭኑ ይጠፋል፣ ወፍራሙ ይደፈናል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ መስመሩ ወጥ የሆነ ፊደል የተሻለ ይቆማል። እኔ ቀለበት ያላቸውን ፊደሎች ወደ ቅርጽ (እንደ ሥዕል ወደሚስተካከል መስመር) ከለወጥኩ በኋላ ቀለበቷን በእጄ ከፈት አደርጋታለሁ። የሀጂም «ሴ» የዳነችው በዚሁ ነው። ከሎጎው የቀረው አንድ የስንዴ ዛላ ብቻ ሆነ። «ጦሳን አፈረስከው በለኛ!» አሉኝ፤ ቀጥለው ግን «አብሽር፣ ይሄ ይሻላል» ብለው ወሰዱት።

«ሁሉም ነገር አለበት፣ ግን ማንም አያስታውሰውም»

ባለቤቱ የሕይወት ታሪኩን ሎጎው ላይ ሊጽፍ ይፈልጋል። ፋብሪካ ከሆነ የማሽን ጥርስ፣ ካፌ ከሆነ ጀበና፣ ሆቴል ከሆነ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ይዞርበታል። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ መስቀል መሆኑ ውብ ነው፤ ከላሊበላ እስከ ወልዲያ በየሆቴሉ በር ላይ ሲደገም ግን የትኛውን ሆቴል ከየትኛው ይለያል? ስምም ላይ እንዲሁ ነው። አምባሰል፣ ባቲ፣ ትዝታ፣ አንቺሆዬ ተብለው የተሰየሙ ቤቶች ብዛት የቅኝት ትምህርት ቤት የተከፈተ ያስመስላል።

ደንበኛዬን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሱቅዎን ለማያውቅ ሰው በስልክ ሲያመለክቱ ምን ይላሉ? «ሰማያዊ በር ያለው»፣ «ትልቁ ሚዛን ያለበት» የሚል መልስ ከመጣ ሎጎው እዚያው አለ። ሚዛኑን እንሳል፣ ሌላውን እንተው። የሃይማኖት ምልክት ማስገባት የሚፈልግም አለ። ለአንድ የጨርቅ ሱቅ ግን ከጁምዓ ሶላት የሚመለሰውም ከቅዳሴ የሚወጣውም እኩል ደንበኛው ነው፤ ምልክቱ የባለቤቱ ቤት ውስጥ ቢሰቀል እመርጣለሁ። የአገር ባንዲራና ዓርማን ደግሞ ያለ ፈቃድ የንግድ ምልክት ውስጥ አስገብቶ ማስመዝገብ አይቻልም።

«ስክሪን ላይ ሰማያዊ ነበር፣ ወረቀት ላይ ሐምራዊ ሆነ»

ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው፤ አርጂቢ የምንለው። ማተሚያ ማሽን የሚያውቀው ግን ሲያን (ውኃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ነው፤ ሲኤምዋይኬ። ስክሪን ላይ እንደ አምፖል የሚያበራው ሰማያዊ በማተሚያ ቀለም የለም። ፋይሉ ሲለወጥ ሲያንም ማጀንታም አብረው ከፍ ይላሉ፤ ማጀንታው ሲጠጋ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል።

ስለዚህ ለኅትመት የሚሄደውን ፋይል ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ክፈቱ። ለሰማያዊ ማጀንታውን ከሲያኑ ቢያንስ በ30 ዝቅ አድርጉት፦ ሲያን 100 በመቶ ከሆነ ማጀንታ ከ70 በመቶ አይለፍ። እኔ 60 ላይ ነው የማቆመው። ደብዳቤና ካርድ ላይ ያለ ትንሽ ጽሑፍ ደግሞ ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። ከአራቱም የተቀላቀለ ጥቁር ማሽኑ ትንሽ ከተንሸራተተ ፊደሉ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይጥላል።

ሌላው መንስኤ የስልክ ፎቶ ነው። ግድግዳ ቀቢው፣ ጥልፍ ሠሪውና ባነር ቤቱ እያንዳንዳቸው «እንደዚህ ይሁን» ተብሎ በየራሳቸው ስልክ የመጣላቸውን ፎቶ ያያሉ፤ ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ይወጣል። ቀለማችሁን አንድ ጊዜ በደንብ አሳትሙና ወረቀቱን ቆርጣችሁ እንደ ናሙና ያዙ፤ ጀርባው ላይ የሲኤምዋይኬና የአርጂቢ ቁጥሩን ጻፉ። ቀለም ቀቢው ባልዲ ሲበጠብጥ ያንን ወረቀት ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ።

«ባነሩ ላይ ጠርዙ መሰላል ሆነ»

የተላከው ፋይል ፎቶ ስለሆነ ነው። 500 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች) ስፋት ያለው ሎጎ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያንኑ ሎጎ 3 ሜትር ባነር ላይ ከዘረጋችሁት እያንዳንዷ ፒክስል 6 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ የአተር ክክ ታክላለች። ሎጎ በኢሉስትሬተር ወይም በኮረል ድሮው በሚባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች፣ በቬክተር ይሳላል፤ ቬክተር ከነጥብ ሳይሆን ከመስመር የተሠራ ሥዕል ስለሆነ ቢተልቅም ቢያንስም አይሰበርም። ቴሌግራም ላይ ስትልኩም በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ ፎቶ ብሎ ሲልክ ይጨምቀዋል።

«ፊደሉ ሳጥን ሆነ»

ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የእናንተ ፊደል (ፎንት) አልተጫነም። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት የነበሩት የግዕዝ ፊደላት ከሆኑ የባሰ ነው፤ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ስማችሁ የእንግሊዝኛ ዝባዝንኬ ሆኖ ይታተማል። ወደ ማተሚያ ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጡ፤ ለማረም የሚሆነውን ኮፒ ግን ለየብቻ አስቀምጡ።

«ደብዳቤው ላይ ማህተም የሚያርፍበት ጠፋ»

ከኢንተርኔት የወረደ የደብዳቤ ወረቀት ናሙና የእኛን ደብዳቤ አያውቅም። የእኛ ደብዳቤ ከላይ በቀኝ ቁጥርና ቀን ይፈልጋል፤ ከታች ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማህተም ይፈልጋል። ናሙናው ላይ ግን ቀኙ ጥግ በቀለም ተሞልቷል፣ ግርጌው ደግሞ በወፍራም ሞገድ ተይዟል። ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? ማህተሙን ሞገዱ ላይ ትመታዋለች፤ ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ።

ሳስተካክል የማደርገው ይህን ነው። ኤ4 ወረቀቱ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። የላይኛውን ክፍል ከ4 ሳንቲ ሜትር አላሳልፍም፣ ግርጌውን ከ2 አላሳልፍም። «ቁጥር» እና «ቀን» የሚሉትን ከነመስመራቸው አትማለሁ። «ዓ.ም.» የሚለውን ግን አላትምም፤ ያው ወረቀት ነገ ውጭ አገር ላለ ገዢ በፈረንጅ ቀን ይጻፍበታል። ወረቀቱ ለሦስት ሲታጠፍ የመጀመሪያው እጥፋት 99ኛው ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል፤ 110 በ220 የሆነው ረጅም ፖስታ ውስጥም ልክ ይገባል። ስለዚህ እጥፋቱ ላይ ምንም አላስቀምጥም።

ዋተርማርክ የሚወድ ደንበኛ ብዙ ነው። ገጹ መሀል ላይ በትልቁ የተኛ ሎጎ ወረቀቱን ያከበረ ይመስላል፤ ደብዳቤው በስልክ ስካን ተደርጎ ሲላክ ግን ጽሑፉን የሚሸፍን ግራጫ ጭቃ ይሆናል። የግድ ካላችሁ የቀለሙን ድምቀት ከ5 እስከ 8 በመቶ አድርጉት። ወረቀቱም የሚያብረቀርቅ አይሁን። አብረቅራቂ ወረቀት የማህተም ቀለም አይመጥም፤ ደብዳቤውን አጥፋችሁ ፖስታ ውስጥ ስትከቱ ማህተሙ ገጹ ላይ ይጎተታል። ከ80 እስከ 100 ግራም የሆነ ደብዛዛ ወረቀት ይበቃል። ውፍረቱንና ማብረቅረቁን ለቢዝነስ ካርዱ አቆዩት፤ እዚያ 300 ግራም ያምርበታል።

«ታፔላው ነጣ»፣ «ታፔላው አይታይም»

ሁለት ከተማ፣ ሁለት በሽታ። ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ፀሐይዋ ሌላ ናት። ውጭ የሚውል ኅትመት ላይ ቀድመው የሚለቁት ማጀንታና ቢጫ ናቸው፤ ስለዚህ ብርቱካናማው ይገረጣል፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ዋናውን የስሙን ጽሑፍ በእነዚህ ቀለሞች አትመሥርቱ፤ ኅትመቱም ላይ መከላከያ ላሚኔት ይልበስ። ደሴ ላይ ጠላታችን ጉም ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከተማው ውስጥ ሲገባ ነጭ ላይ ግራጫ የተጻፈ ታፔላ ከመንገዱ ማዶ አይኖርም። ዘመናዊ ይመስላል ተብሎ የመጣው ፈዛዛ ግራጫ ለደሴ ሐምሌ አልተሠራም። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ፣ ወይም ነጭ ላይ ጥቁር ቀይ ያዙ።

«ሎጎዬን ሌላ ሰው ወሰደው»

ብዙ ሰው የንግድ ስሙ ንግድ ፈቃዱ ላይ ስለተጻፈ ሎጎውም የተጠበቀ ይመስለዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሎጎ የሚጠበቀው በንግድ ምልክትነት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲመዘገብ ነው፤ ሕጉም አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ምዝገባው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ከማሳተማችሁ በፊት አመልክቱ፤ ከሌላ ሰው ምልክት ጋር ተመሳስሎ ውድቅ ቢደረግ የሚጣለው አንድ ፋይል ይሁን እንጂ አምስት ሺህ ደረሰኝ አይሁን።

«የሠራልኝ ልጅ ስልክ አያነሳም»

ልጁ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ወይ ዓረብ አገር ተሻግሯል፤ እጃችሁ ላይ የቀረው ቴሌግራም ላይ ያለች አንድ ፎቶ ናት። ከዚህ ወዲያ ያለው መፍትሄ አንድ ነው፦ ሎጎውን ከፎቶው ላይ እንደገና በቬክተር ማስሳል፤ ድጋሚ ገንዘብ ይወጣል።

ለቀጣዩ ግን የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት በፍላሽ ተረከቡ፦ የቬክተሩን ዋና ፋይል፣ ፒዲኤፉን፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ፒኤንጂ፣ ባለ አንድ ቀለሙን የማህተም ቅጂ፣ የፊደሉን (የፎንቱን) ፋይል ራሱን። የመጠቀም መብቱ የእናንተ እንደሆነም በወረቀት ላይ ይፈረምላችሁ። ፍላሹን እዚያው ቆማችሁ በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት፤ አንድ ደንበኛዬ አምስት ወር ኪሱ ይዞት የዞረው ፍላሽ ሲከፈት ውስጡ የነበረው የሠርግ ቪዲዮ ነው።