በማይክሮስኮፕ ስናይ ሌንስ እንዴት እንምረጥ? መጀመሪያ የሚታየውን ነገር መጠን እንወቅ

ደሴ ላብ ውስጥ ተማሪ ሳሰራ ሁሌ የማየው ነገር ነው፣ ማይክሮስኮፑ ጋ እንደደረሱ እጃቸው ቀጥታ ትልቁ ሌንስ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከዛ "ቲቸር ምንም አይታይም"። ሌንሱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል፣ ነገርየው በሌንሱ ከሚታየን ክብ ውጪ ቀርቶ ነው እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ነገር ስንት ማይክሮን ነው በሉ፣ 1 ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነው።

ቀጥሎ ክባችሁን ለኩ። ዓይናችን የሚጠጋበት ሌንስ ብዙ ጊዜ 10 ነው፣ ከታች የሚዞሩት 4፣ 10፣ 40 እና 100 ናቸው፣ ሲባዙ 40፣ 100፣ 400 እና 1000 እጥፍ ያጎላሉ። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማስመሪያ አስገቡና በ4 እዩ፣ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊ ሜትር ገባ? 4.5 ከሆነ 4500 ማይክሮን ነው። ሌላውን መለካት አያስፈልግም፣ ይሄን በ4 አባዙና በሌንሱ ቁጥር አካፍሉ፣ በ10 1800፣ በ40 450፣ በ100 180 ይመጣል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ለጥፉት፣ በጣም ይጠቅማችኋል።

አሁን አወዳድሩ። ጤፍ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ በ4 ሙሉዋን ታያላችሁ (ብርሃን ስለማታሳልፍ ከላይ ባትሪ አብሩባት)፣ በ40 ግን ግማሿም አይገባም። የሽንኩርት ስስ ሽፋን ሴሎች በ10 ጡብ እንደተደረደረ ሆነው ይታያሉ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እርሾ ነው። ደሴ በብርዱ ሊጥ ቶሎ አይነሳም፣ ኮምቦልቻ ስትወርዱ በሙቀቱ ፈጥኖ ኩፍ ይላል፣ ያንን ስራ የሚሰሩትን በዓይን ማየት ደስ ይላል። አንድ ጠብታ እርሾ በውሃ አቅጥኑ፣ ስላይድ (ጠፍጣፋው መስታወት) ላይ አድርጉና በከቨር ስሊፕ (በስሷ መሸፈኛ መስታወት) ሸፍኑት። በ4 ጭጋግ ነው፣ በ10 አቧራ የመሰለ ነገር፣ በ40 ግን እንቁላል ቅርጽ ያላቸው 5 ማይክሮን ገደማ የሚሆኑ ሴሎች ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ትንሽ ልጅ አብቅለው። የዱቄቱ ስታርችም በመጠን ስለሚቀራረብ ያሳስታል፣ ጠብታ አዮዲን ጨምሩ፣ ስታርቹ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ እርሾው ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

መርሁ የምትፈልጉትን ዝርዝር ከሚያሳዩት ሌንሶች ትንሹን መያዝ ነው። ቀይ የደም ሴል 7 ወይ 8 ማይክሮን ስለሆነ 40 ይበቃዋል፣ ውስጡ ያለውን የወባ ተሕዋስ ለመለየት ግን 100 ከነዘይቱ (ሌንሱና ስላይዱ መሀል የሚደረገው ጠብታ) ያስፈልጋል፣ 1 ወይ 2 ማይክሮን የሆነ ባክቴሪያም እንደዛው። ከ0.2 ማይክሮን በታች የተጠጋጉ ሁለት ነጥቦችን ግን በብርሃን መለየት አይቻልም፣ ስለዚህ አብዛኛውን ቫይረስ በዚህ አትፈልጉ።

የምታዩት ምንም ይሁን ሁሌ ከ4 ጀምሩ፣ ነገሩን መሀል አምጡና ፎከስ አድርጉ፣ ከዛ 10፣ ከዛ 40። 40 ላይ ከደረሳችሁ ትልቁን የፎከስ ማዞሪያ በጭራሽ አትንኩ፣ ሌንሱ ስላይዱ ጋ ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ስላይድ ሲሰበር ሌንስም ሲጫር አይቻለሁ። ትንሿን ማዞሪያ ብቻ በቀስታ አዙሩ፣ ከጨለመባችሁ ዲያፍራሙን (ከስላይዱ ስር የብርሃኑን መጠን የሚቆጣጠረውን) ክፈቱ። ዘይት ከተጠቀማችሁ ደግሞ ወደ 40 አትመልሱ፣ መጀመሪያ ስላይዱን አውጡ፣ የ100ውን ሌንስ በሌንስ ወረቀት ጥረጉ።