ሐይቅ እስጢፋኖስን ከበሩ ውጭ ሆኖ ማወቅ፦ ከደብረ ብርሃን ለሚነሡ ተጓዦች

ሐይቅ እስጢፋኖስ በወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ በውኃ ዳር ያለ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት እኔ ዘግይቼ ስላወቅሁት ነው። ከዓመታት በፊት የማኅበራችንን ሰዎች ይዤ ከደብረ ብርሃን ስነሣ 11 ሴቶች ነበርን። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን በሩ ላይ ቀረን። ባለቤቴ ገብቶ ሲወጣ «እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «ደስ ይላል» አለኝ። ታሪክ ሳስተምር ጡረታ ለወጣሁት ሴት የተሰጠኝ መልስ ይኸው ነበር! ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ደጃፉን ሳልረግጥ የምማርበትን ዘዴም አበጅቻለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ምሽት ቡና አፍልታችሁ ተሰብሰቡ፤ የሐይቅንና የሸዋን ዝምድና አንሡ። ያለዚህ ውኃና ዛፍ ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። አባ ኢየሱስ ሞአ በደብረ ዳሞ ተምረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ሐይቅ መጡና ቦታውን ትልቅ ትምህርት ቤት አደረጉት። የእኛው የቡልጋው ልጅ፣ የኢቲሳው አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ታሪካቸው ከመድረሳቸው በፊት እዚያ በአባ ኢየሱስ ሞአ እግር ሥር ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1270 የነገሡትን ዐፄ ይኩኖ አምላክንም ትውፊቱ ከዚሁ ገዳም ጋር ያያይዛቸዋል። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለውን ማዕረግ ይዞ በቤተ መንግሥት ከሚሰሙት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሆነ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን ከትመው ሲቀመጡ ከአጠገባቸው የማይለዩት ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ነበሩ። ዛሬ ብርድ ልብስ በሚሠራባት ከተማችን አንድ ጊዜ የሐይቅ ድምፅ ከንጉሥ ጆሮ አይርቅም ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ከማኅበርተኞቼ አንዷ «ታዲያ ወደ ሰው አገር ሳይሆን ልጃችን የተማረበትን ቤት ልንጠይቅ ነዋ!» አለች።

ቀጥሎ ወረቀት አዘጋጁ። ለሚገባው ወንድ ሁሉ አንዳንድ ጥያቄ ጽፋችሁ በእጁ ስጡት፤ በቃል የተነገረው በሩን ሲያልፍ ይጠፋል። በገዳሙ ያለው የኢየሱስ ሞአ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን ዘመናቸው በውስጣቸው ከተመዘገበ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት እጅግ ቀደምት ከሚባሉት ነው፤ የአባ ኢየሱስ ሞአ ሥዕልም አለበት። ስለዚህ «ብራናውን ካሳዩህ፣ በሥዕሉ ላይ እጃቸው ምን ይዟል? ልብሳቸው ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብዬ እጽፋለሁ። ለሌላው ደግሞ «እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ገዳሙን ሲይዝ የሆነውን አባቶች እንዴት ይተርኩታል?» የሚል ይደርሰዋል። አንዱ ዓመተ ምሕረት ብቻ ያጣራል፤ አባቶች የሚናገሩት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከመጻሕፍቱ ጋር የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል፤ ከዚህ የተነሣ ስንት ክርክር አይቻለሁ!

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ሰላም መሆኑን ከዋዜማው ከሹፌሮች ጠይቁ፤ በሌሊት ተነሡ፤ አዳራችሁን ደሴ አድርጉ፤ ሐይቅ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋቢ ለጣርማ በር ብርድ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ትጥሉታላችሁ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዙ። ለገዳሙ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ያዙ። መነኩሴ ስታገኙ መጀመሪያ «ይፍቱኝ አባ» በሉ፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» ሲሏችሁ ጥያቄው ይቀጥላል። ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው፤ ይህንንም ለወጣቶቹ ሁለት ጊዜ ንገሩ።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ሴቶቹ ልምጣ። ወንዶቹ ሲገቡ ዛፍ ሥር ተኮራምቶ መጠበቅ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ወደ ከተማዋ ተመለስኩና ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥኩ። ሙስሊም ናቸው፤ ሐይቅ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት። «እማማ፣ ይህ ውኃ ከየት መጣ?» አልኳቸው። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ነገሩኝ፦ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ ፈጣሪም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ውኃ አደረገው፤ እርሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ያ ደረቅ መሬት ዛሬ ገዳሙ ያለበት ነው፤ ቀድሞ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። በአንዲት ሴት ምክንያት ተረፈ የተባለ መሬት ሴት አለማስገባቱ ገርሞኝ ዝም ስል እናቲቱ በወሎኛ «አብሽሪ» አሉኝና ሦስተኛውን ቀዱልኝ። እንግዲህ ቡናው ላይ አትቸኩሉ። በረካው ሳይጠጣ የተነሣ እንግዳ ግማሹን ታሪክ ጥሎ ነው የሚሄደው።

ምሳ በሐይቁ ዳር ዓሣ ነው። ከረቡዕና ከዓርብ ውጭ ሂዱ፤ እኛ አንድ ጊዜ ዓርብ ደርሰን «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» በሚል ክርክር ሁለት ሰዓት ፈጅተን ሽሮ በልተን ተነሥተናል። ደግሞም ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን አልነበረም፤ ወደ ሐይቁ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። «አባቶች የበሉት ዓሣ» እያለ የሚያጎርሳችሁ ካለ ፈገግ በሉና ጉረሱ።

ወረቀቶቹን በመመለሻው ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ባለው መንገድ አስነብቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ሁሉንም ያስተኛል። ሴቶቹም ከቡናው የሰሙትን ይናገሩ። ባለፈው ጉዞ ባለቤቴ ስለ ሥዕሉ እጆችና ልብስ ከፊትና ከጀርባ ሞልቶ አመጣ፤ በስተመጨረሻው መስመር ላይ ግን «ደስ ይላል» ብሎ ጨምሮበታል።