ሰፊ ቸርኬና ሰፊ ጎማ በኮርሳ ብስክሌት የቸርኬ ፍሬን ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

የኮርሳ ብስክሌት የቸርኬ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው የውጭ ስፋቱ 19 ወይም 20 ሚሊሜትር ለሆነ ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት የመንኮራኩሩ ቀለበት) እና 23 ሚሊሜትር ለሆነ ጎማ ነው። አሁን የሚመረቱት ቸርኬዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 28 ሚሊሜትር የውጭ ስፋት አላቸው፤ ጎማውም ወደ 25 እና 28 አድጓል። በቆየ ፍሬን ላይ አዲስ መንኮራኩር የሚገጥም ሰው መጀመሪያ የሚያየው መንኮራኩሩ አልገባ ማለቱን፣ ወይም ገብቶ አልዞር ማለቱን ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በአንድ ስም ጠርቶ «ፍሬኑ ጠበበ» ይላል። የቸርኬው መስፋትና የጎማው መስፋት ግን የሚያስከትሉት ችግር ለየቅል ነው። ቸርኬው ሲሰፋ የሚጨናነቀው በግራና በቀኝ፣ ቸርኬውን ጨብጠው የሚያስቆሙት የፍሬን ላስቲኮች ያሉበት ቦታ ሲሆን፣ ጎማው ሲሰፋ የሚጨናነቀው ከላይ፣ በካሊፐሩ (ላስቲኮቹን በሁለት ክንዶቹ በሚይዘው የፍሬኑ አካል) ሥር ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ በማስተካከል ይፈታል፤ ሁለተኛው ግን በማስተካከል የሚፈታው ከስንት አንዴ ነው።

ማንኛውንም ብሎን ከመፍታት በፊት ሊለኩ የሚገባቸው ነገሮች

በካሊብሮ መጀመሪያ የሚለካው ላስቲኩ በሚይዝበት ገጽ ላይ ያለው የቸርኬው የውጭ ስፋት ነው። አሮጌው ቸርኬ 20፣ አዲሱ 26 ሚሊሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ላስቲክ 3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ መሸሽ አለበት ማለት ነው። ቀጥሎ የሚለካው ጎማው ነው፤ ሆኖም ጎማው ላይ የታተመውን ቁጥር ማመን አይበቃም። ጎማው በሚነዳበት ግፊት ተነፍቶ አንድ ቀን ካደረ በኋላ መለካት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም የቸርኬው የውስጥ ስፋት በ1 ሚሊሜትር በጨመረ ቁጥር ጎማው በግምት በ0.4 ሚሊሜትር ይሰፋል። ስለዚህ የውስጥ ስፋቱ 15 በሆነ ቸርኬ ላይ ልክ 25 የነበረ ጎማ ወደ 21 ሲዛወር 27 ተኩል ገደማ ይሆናል። «ያው የድሮው ጎማ ነው፣ ታዲያ ለምን ይነካል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የመጨረሻው ልኬት ካሊፐሩ ከታሰረበት ብሎን መሐል ተነስቶ እስከ ቸርኬው የፍሬን ገጽ መሐል ያለው ቁመት ነው። አጭር የሚባሉት ካሊፐሮች ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር፣ መካከለኛዎቹ ደግሞ ከ47 እስከ 57 ሚሊሜትር ይደርሳሉ። ይህን ቁመት የሚወስኑት ቴላዮው (የብስክሌቱ አካል) እና ፎርኬታው (የፊቱን መንኮራኩር የሚይዘው ሹካ) ስለሆኑ ካሊፐር በመቀየር አይለወጥም።

ካቦው ላልቶም ላስቲኮቹ ቸርኬውን አይለቁም

ምክንያቱ ካቦው (ከእጀታው ፍሬኑን የሚስበው ሽቦ) ነው ወይስ የላስቲኩ ውፍረት የሚለው በአንድ ሙከራ ይለያል። ካቦው ከማሰሪያው ብሎን ይፈታና ክንዶቹ በስፕሪንጋቸው ኃይል እስከ መጨረሻው እንዲከፈቱ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ በቸርኬውና በላስቲኩ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ከታየ ጥፋቱ የካቦው ነው። የካቦ ማስተካከያውን ብሎን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ካስገቡ በኋላ አንድ ዙር ብቻ መልሶ ማውጣት፣ መልቀቂያ ማንሻውን (መንኮራኩር ሲወጣ ላስቲኮቹን የሚያራርቀውን) ሙሉ በሙሉ መዝጋት፣ ከዚያም ላስቲኮቹን በእጅ ቸርኬው ላይ አስጠግቶ ካቦውን ትንሽ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል።

እዚህ ላይ በችኮላ የሚታለፍ ነገር አለ። ክንዶቹ ሲከፈቱ ማሰሪያው ካቦውን የሚይዘው ከቀድሞው ይልቅ ወደ ጫፉ ቀረብ ብሎ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ የሆነው የካቦው ክፍል ከብሎኑ ሥር ወጥቶ ሙሉውን ጭነት በሚሸከመው መስመር ላይ ይገባል። ቦታውን በጣት ሲዳስሱት አንድ ሁለት የተበጠሱ ክሮች እንደ እሾህ ሊወጉ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ካቦ ሳይበጠስ ብዙ አይቆይምና መለወጥ አለበት። በተጨማሪም ጫፉ አጭር ተደርጎ የተቆረጠ ከሆነ ለአዲሱ ስፋት ጭራሽ ላይደርስ ይችላል።

ካቦው ተፈትቶም ላስቲኮቹ የሚነኩ ከሆነ ክንዶቹ ከዚህ በላይ አይከፈቱም ማለት ነው፤ የቀረው መቀነስ የሚችለው የላስቲኩ ውፍረት ብቻ ነው። በግማሽ ያለቀ ደህና ላስቲክ በእጅ ካለ ከማንኛውም አዲስ ላስቲክ የተሻለ መፍትሄ እሱ ነው። ከሌለ አዲሱን ላስቲክ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ገጹን እኩል አድርጎ መፋቅ ይቻላል፤ የማለቂያ ምልክት የሆኑት ስንጥቆች ግን መጥፋት የለባቸውም። ከላስቲኩ ጀርባ ያሉትን ጎድጓዳና ጉብ ያሉ ሮንዴላዎች አውጥቶ ቦታ ማግኘት ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ላስቲኩ ወደ ቸርኬው እንዲያዘነብል የሚያደርጉት እነሱ ናቸውና።

መልቀቂያ ማንሻውን በከፊል ከፍቶ መንዳት በየቦታው የሚታይ «መፍትሄ» ነው። ማንሻው የተሠራው መንኮራኩር ለማውጣት ስለሆነ ከፍቶ የሚነዳ ሰው ፍሬን ሲይዝ የእጀታውን የጉዞ ክፍል አስቀድሞ አባክኖ ነው፤ መንኮራኩሩን አውጥቶ በሚመልስበት ቀን ደግሞ ተጨማሪ የሚከፍተው ነገር አይኖረውም።

ላስቲኩ ጎማውን ይነካል፣ ወይም ቸርኬውን የሚይዘው በላይኛው ጠርዙ ብቻ ነው

ከሁሉም ችግሮች አደገኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ይሠራል፣ ድምፅም አይሰጥም። የካሊፐሩ ክንድ ከላይ በኩል ተንጠልጥሎ እንደ ፔንዱለም የሚወዛወዝ ነው። የታችኛው ጫፉ ወደ ውጭ ሲከፈት የላስቲኩ ገጽ ቀጥ ብሎ መቆሙን ይተውና በትንሹ ወደ ታች ይመለከታል፤ የላይኛው ጠርዙም ወደ ቸርኬው ይቀርባል። በጠባቡ ቸርኬ ላይ በትክክል ተስተካክሎ የነበረ ላስቲክ በሰፊው ቸርኬ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚነካው ለጎማው ቅርብ በሆነው ጠርዙ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ሁለት ማዞሪያ ካሊፐር ላይ ደግሞ ሁለቱ ክንዶች የሚዞሩባቸው ነጥቦች ስለሚለያዩ የአንዱ ጎን ላስቲክ ደህና ሆኖ የሌላው ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። አንዱን ጎን አይቶ ሌላውም ደህና ነው ማለት አይቻልም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሰፊ ቸርኬ ገጥሜ የካቦውን ልክ ብቻ አስተካክዬ ነዳሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎማውን ሳጥብ በአንዱ ጎኑ ዙሪያውን የዞረ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭረት አየሁ፤ ቦታውን በጥፍሬ ስጫነው የጎማው የውስጥ ጨርቅ ብቅ አለ። ጎማው ተጣለ።

ማስተካከያው ይህን ይመስላል። የላስቲኩ ብሎን ለመንቀሳቀስ ያህል ብቻ ይላላል። እጀታው ተጨብጦ በጎማ ማሰሪያ ከመሪው ጋር ይታሰርና ላስቲኮቹ አዲሱ ቸርኬ ላይ ተጭነው እንዲቆዩ ይደረጋል። ከዚያም የላስቲኩ የላይኛው ጠርዝ ከቸርኬው ጫፍ 1 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የታችኛው ጠርዝም ከፍሬኑ ገጽ ወጥቶ መንጠልጠል የለበትም። ሮንዴላዎቹ ስለሚንሸራተቱ ላስቲኩ በዚህ ጊዜ ራሱ ከቸርኬው ጋር ይገጥማል። ብሎኑ ሲጠብቅ ላስቲኩ አብሮ መዞር ስለሚወድ በሌላኛው እጅ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በሺማኖ ካሊፐሮች ላይ የላስቲኩ ብሎን ከ5 እስከ 7፣ የካቦ ማሰሪያው ከ6 እስከ 8፣ ካሊፐሩን ከቴላዮው ጋር የሚያስረው ብሎን ደግሞ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

ጎማው ከላይ ካሊፐሩን ይፍቃል፣ ጠጠርም በመካከላቸው ይንቋቋል

ጎማ ሲሰፋ ወደ ላይም አብሮ ያድጋል። ከ23 ወደ 28 ሲዛወር በእያንዳንዱ ጎን የሚጨምረው 2.5 ሚሊሜትር ሲሆን በቁመት የሚጨምረው ግን 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጎኖቹን አይቶ «በቂ ቦታ አለ» የሚል ሰው ከላይ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ቀላሉ መለኪያ ባለ 4 ሚሊሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ነው። በተነፋው ጎማና በካሊፐሩ ሥር፣ እንዲሁም በጎማውና በፎርኬታው ራስ መካከል ሳይነካ የሚያልፍ ከሆነ በቂ ቦታ አለ፤ መንኮራኩሩን እያዞሩ ቢያንስ በአራት ነጥብ መሞከር ይገባል፣ ጎማ ፍጹም ክብ አይደለምና።

ብሩጎላው የሚያዘው ካሊፐሩ ሥር ብቻ ከሆነ ካሊፐር መቀየር ሊረዳ ይችላል። የሺማኖ ዱራ-ኤስ አር9100 እና አልቴግራ አር8000 ካሊፐሮች እስከ 28 ሚሊሜትር ለሚደርስ ጎማ የተሠሩ ናቸው፤ ከእነሱ የቀደሙት ብዙዎቹ 25 ላይ ይቆማሉ። ወደ መካከለኛው ካሊፐር መዛወር የሚያዋጣው የተለካው ቁመት 47 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነው፤ ቁመቱ 42 በሆነ ቴላዮ ላይ ላስቲኮቹ ወደ ላይ አልወጣ ብለው ከቸርኬው በታች ይቀራሉ። በሁለት ብሎን የሚታሰሩት ካሊፐሮች ለጎማ የበለጠ ቦታ ቢሰጡም ለአንድ ብሎን በተሠራ ቴላዮ ላይ አይገጠሙም። ብሩጎላው የሚያዘው በፎርኬታው ራስ ሥር ወይም ከኋላ በቴላዮው መካከል ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ፍሬን አያድነውም፤ ጠበብ ያለ ጎማ መመለስ ብቻ ነው። የካሊፐሩን ሥር በሞረድ የሚያሳንሱ ሰዎች አሉ፤ ሕይወት የሚንጠለጠልበትን ክንድ ለ1 ሚሊሜትር ብሎ ማቅጠን በእኔ ዓይን ሊታሰብ አይገባም።

የተነፋ ጎማ በላስቲኮቹ መካከል አያልፍም

ይህ የሚብሰው ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲሆን ነው፤ ቸርኬው ሰፍቶ ወደ ጎማው ስፋት ሲቀርብ ግን ይቀላል። መልቀቂያው በካሊፐሩ ላይ መኖሩን ወይም፣ በካምፓኞሎ እንደተለመደው፣ በእጀታው ላይ መኖሩን ማየት፣ ካልበቃም የማስተካከያውን ብሎን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህም ካልሆነ ጎማውን አስተንፍሶ ማውጣትና ከተመለሰ በኋላ መንፋት ግድ ይላል።

እጀታው መሪው ድረስ ይወርዳል፣ ወይም ፍሬኑ ደክሟል

ሁለት ጥንድ መንኮራኩር እያፈራረቁ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ነው። ፍሬኑ ለ26 ተስተካክሎ 20 ሲገጠም ላስቲኮቹ ሩቅ ይቀራሉ፤ የ6 ሚሊሜትሩን ልዩነት የማስተካከያ ብሎኑ ብቻውን ለመሸፈን ይከብደዋልና በየጊዜው ካቦውን እንደገና ማሰር ያስፈልጋል። ሁለቱን ጥንድ በተቀራራቢ ስፋት መምረጥ ከዚህ ሁሉ ድካም ይገላግላል። አንደኛው ጥንድ ካርቦን ከሆነ ደግሞ ላስቲኩም አብሮ መለወጥ አለበት፦ ለካርቦን የተሠራ ላስቲክ ያስፈልጋል፤ በአሉሚኒየም ላይ ያገለገለ ላስቲክ የያዛቸው የብረት ብናኞችም የካርቦኑን ገጽ ይቧጥጣሉ።

አንዱ ላስቲክ ብቻ የሚነካ ከሆነ ካሊፐሩን ከማዞር በፊት መንኮራኩሩ በቦታው በትክክል መቀመጡን ማረጋገጥ ይቅደም፤ አውጥቶ ብስክሌቱን መሬት ላይ አቁሞ መልሶ ማሰር ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ሰፊ ቸርኬ ክፍተቱን ስለሚያጠበው ቀድሞ የማይታወቅ የ1 ሚሊሜትር መዛነፍ አሁን ይሰማል። ካስተካከሉ በኋላ እጀታውን ቆሞ አሥር ጊዜ ያህል በኃይል መጨበጥ ካቦውን በቦታው ያስቀምጠዋል፤ ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ደግሞ የሁለቱንም ላስቲኮች የላይኛ ጠርዝ በመብራት ማየት ያስፈልጋል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የዞረ ላስቲክ ካለ ከቸርኬው ጋር የተፋተገው ገጹ ጠርዙ ላይ ብቻ አንጸባርቆ ይታያል።