ሽማግሌ ሆኖ ሲላኩ ቃል ማድረስ፦ ከአብርሃም ሎሌ የሚወሰድ አሠራር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ መጀመሪያ የሚፈለገው አንደበቱ የታመነ ሽማግሌ ነው። በዘፍጥረት 24 አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ የላከው ሰው በምዕራፉ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተጠቀሰም፤ የቤቱ ሽማግሌ ነው የተባለው። ከምዕራፉ 67 ቁጥሮች ውስጥ ከ34 እስከ 49 ያሉት እሱ መልእክቱን ሲያደርስ የተናገራቸው ናቸው። ሽማግሌ ሁኑ ከተባላችሁ ሳትሄዱ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

ቃሉን ስትቀበሉ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ሎሌው ገና ሳይምል «ሴቲቱ እንቢ ብትልስ?» ብሏል (ቁጥር 5)። እናንተም ልጁን ከወላጆቹ ለይታችሁ አነጋግሩት፦ ሥራው ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት? ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል? ልጅ አለው? የት ሊኖሩ አስበዋል? ልጅቷስ ነገሩን ታውቃለች? ክርስቲያን ቤተሰብ ከሆነ ሰባት ቤት መቆጠሩንም አረጋግጡ። (የአብርሃም ሎሌ የተላከው ከዘመድ እንዲያመጣ ነበር፤ እኛ የምንቆጥረው ዘመድ እንዳይጋባ ነው። «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነው።)

ሦስት ሰው ይበቃል። ወሎ ነውና ቄሱም ሼሁም አብረው ቢሄዱ ያምራል፤ የሚናገረው ግን አንድ ሰው ይሁን። ሁለቱ ያዳምጡ፣ የዘለለውን ያስታውሱት።

ከቤቱ ስትደርሱ ቃሉ ከምግቡ ይቅደም። ማዕድ ሲቀርብለት ሎሌው ነገሬን ሳልናገር አልበላም አለ (ቁጥር 33)። ከበሉ በኋላ ይሉኝታ ይገባል፤ እናንተ መራራውን ትተዋላችሁ፣ እነሱም እንቢ ለማለት ይከብዳቸዋል።

የሎሌው አነጋገር ቅደም ተከተል አለው፦ ማን እንደላከው፣ ላኪው ያለው ሀብት፣ የታዘዘው ነገር፣ በመንገድ ያየው፣ በመጨረሻም ጥያቄው። ብዙ ሽማግሌ የሚሰናከለው ሀብቱ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በኮንትራት የሚሠራውን «ቋሚ ሠራተኛ ነው» ማለት ቀላል ይመስላል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የልጅቷ አጎት አንድ ስልክ ደውሎ ያጣራል፣ ከዚያ በኋላ የተናገራችሁት እውነት ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

ያያችሁትን ስትናገሩ ሙገሳ አታብዙ። ሎሌው ለይስሐቅ ያገኛት ልጅ ርብቃ ለ10 ግመሎች ውኃ ቀድታለች። የተጠማ ግመል አንዱ ብቻ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል፤ በእንስራ ስንት ምልልስ እንደሆነ አስቡት። ሎሌው ግን «እንዴት ያለች ታታሪ!» አላለም። እንስራዋን ፈጥና አወረደች፣ እኔም ጠጣሁ፣ ግመሎቹንም አጠጣች ብሎ አለፈ።

ይህ ማለት ግን ቃል በቃል መድገም አይደለም። ተራኪው በቁጥር 22 ሎሌው ለርብቃ ጌጡን አወጣ ካለ በኋላ ነው «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለውን ጥያቄ የሚያመጣው፤ ሎሌው ግን በ47 መጀመሪያ ጠየቅኋት፣ ከዚያ አደረግሁላት ይላል። ለሰሚው በሚገባው መንገድ ማደራጀት ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው የሰሚውን ውሳኔ የሚለውጥ ነገር መደበቅ ነው። እንዲያውም እንቢ ቢሉት ከመሐላው ነፃ እንደሚሆን ራሱ ነግሯቸዋል፤ እንቢ የሚሉበትን በር ከፍቶላቸዋል።

ቁርጡን ጠይቁ፣ እንደ ቁጥር 49። ልጅቷም ትጠየቅ፤ ርብቃ «እሄዳለሁ» ያለችው በራሷ አፍ ነው (ቁጥር 58)።

አሁን ትልቁ ስህተት፦ የመልሱ መንገድ። የልጅቷ አባት «ቤተ ዘመድ እንሰብስብና እንምከርበት» ይላሉ፤ ሽማግሌው ለልጁ ወገን «እሺ ብለዋል» ብሎ ያደርሳል። በማግስቱ አዳራሽ ይያዛል፣ በግ ይገዛል። ስለዚህ ከግቢው እንደወጣችሁ፣ መኪና ሳትሳፈሩ፣ ሦስታችሁም ቆማችሁ የተባለውን በራሳቸው ቃል ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ምን አሉ፣ ማን አለ፣ ቀጠሮው መቼ ነው፣ በቀጠሮው ማን እንዲገኝ ፈለጉ። ሦስታችሁ ካልተስማማችሁበት የሰማችሁትን ልዩነት እንዳለ ጻፉት። ሎሌው ያደረገውን ሁሉ ለይስሐቅ ነግሮታል (ቁጥር 66)፤ እናንተም በዚያው ቀን፣ ልጁና ወላጆቹ አብረው በተቀመጡበት፣ ከወረቀቱ አንብቡላቸው።