ነገር ሲነሳብህ ሕጉ እስከየት ድረስ ነው ካንተ ጋ የሚቆመው

ይሄን የምጽፈው የአክስቴ ልጅ ስለታሰረብን ነው። መንዝ ውስጥ ማታ ከአረቄ ቤት ሲወጣ አንዱ በሽመል ትከሻውን አለው፣ እሱም ኪሱ የነበረችውን ሰንጢ መዘዘ፣ ሰውየው ስለቱን ሲያይ ዱላውን ጥሎ ሮጠ፣ የኛው ልጅ ግን ተከትሎ ካቡ ጋ ደረሰበትና ጀርባውን ወጋው። ዱላው መሬት እስኪወድቅ ድረስ ሕጉ ከሱ ጋ ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን የለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስህንም ሆነ ሌላ ሰው እንድትከላከል ይፈቅዳል፣ ግን ጥቃቱ አሁን እየደረሰ ወይ ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ ሌላ መከላከያ መንገድ መጥፋት አለበት፣ ያደረከውም ከመጣብህ ነገር ጋ መመጣጠን አለበት። ትላንት ዝቶብኝ ነበር ብለህ ዛሬ ብትቀድመው ቂም እንጂ መከላከል አይባልልህም። መጠኑን ካለፍክ በአንቀጽ 79 ቅጣቱ ይቀልልሃል፣ ጥቃቱ ባመጣብህ ድንጋጤ ወይ ፍርሃት ከሆነ ደግሞ ዳኛው ጭራሽ ላይቀጣህ ይችላል። ሰው ከሞተ ልዩነቱን እየው፣ በመከላከል መጠን ማለፍ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው (541)፣ መከላከሉ ካልታመነልህ ግን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት (540)።

ስለዚህ ለጥንቃቄ እያልክ ጩቤ ወገብህ ላይ አትሻጥ፣ እባክህ። ለእርድ ወይ ለስራ ቢላዋ ከያዝክ በጨርቅ ጠቅልለህ ከረጢት ውስጥ ክተተው፣ ስራው ሲያልቅ ቀጥታ ወደ ቤት። የአክስቴን ልጅ ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሽመሉ አልነበረም፣ ሰንጢዋን ለምን ይዘህ ወጣህ ነው ያለው፣ መልስ አጣ።

ሰው ከመጣብህ መውጫ ካለ ውጣ፣ ኡኡ በል ጎረቤት ይስማ፣ መሳሪያውን ከጣለ ወይ ከሸሸ እጅህን ሰብስብ። የቆሰለ ሰው ጥለህ አትሂድ፣ እሱ ራሱ በአንቀጽ 575 ያስጠይቃል። ስለቱን አትጠበው አትደብቀው፣ ራስህ ፖሊስ ጋ ሂድና አመልክት፣ አንተም ከተመታህ የሐኪም ማስረጃ አውጣ፣ ያዩትን ሰዎች ስልክ ያዝ። ከተያዝክ ዝም የማለት መብት አለህ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ።

ሽምግልና በጣም ያስፈልጋል፣ ደም የሚያደርቀው እሱ ነው፣ ግን ከባድ ጉዳት ወይ ሞት ካለ ቤተሰብ ታረቀ ተብሎ ብቻ ክሱ አይቆምም። አክስቴ እርቁ በወረደ ማግስት ልጇ የሚፈታ መስሏት ቡና አፍልታ እስከ ማታ በር በሩን ስታይ ነው የዋለችው።