ጣና ላይ የድፍርስነት መለኪያዬ የዋሸኝ ለምን ነበር

ሞገድ ከጣና ወለል ደለል የሚያነሳው መቼ እንደሆነ ለመለካት፣ ባሕር ዳር አጠገብ 4 ሜትር ጥልቀት ላይ የብረት ማቆሚያ አወረድን። አንዱ ሴንሰር የሞገዱን ከፍታ የምናውቅበትን የውሃ ግፊት መዋዠቅ፣ በብርሃን የሚሠራው ሌላው ደግሞ ድፍርስነቱን ይመዘግባል። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሁለቱም አብረው ከፍ፣ ሌሊት አብረው ዝቅ።

በስድስተኛው ቀን ድፍርስነቱ ሌሊትም አልወርድ አለ። ግፊቱ ሐይቁ ጸጥ ማለቱን ይናገራል፣ የድፍርስነቱ መስመር ግን ሽቅብ ይሳባል። እኔ ሞኙ ባትሪ ቀየርኩ፣ ገመድ ፈታሁ፤ ሁለት ቀን በከንቱ። መሣሪያውን ስናወጣው ብርሃን በሚያልፍበት መስኮቱ ላይ እንደ ተነከረ ተልባ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል። አልጌ! በአውራ ጣቴ ጠርጌ ንጹሕ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ስከተው ቁጥሩ ወዲያው ወረደ።

አሁን በየሦስት ቀኑ በለስላሳ ጨርቅ እንጠርገዋለን። ዙሪያውንም በመዳብ ቴፕ ጠቅልዬዋለሁ፤ መዳብ አልጌን አያስጠጋም። መስኮቱን ራሱን እንዳትሸፍኑት ብቻ።

እግረ መንገዴን ንባቡን ወደ ደለል መጠን የሚቀይረውን የፋብሪካውን ቀመርም ተውኩት። መሣሪያው በክብደት እኩል ከሆነ አሸዋ ይልቅ ደቃቅ ጭቃን እጅግ አብዝቶ ያያል። ስለዚህ ከዚያው ወለል የወጣ ጭቃ በባልዲ በጠበጥኩ፤ ናሙናውን አጣርቼ፣ አድርቄ፣ መዝኜ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ከንባቡ ጋር አዛመድኩ። ግፊቱንም ሳታርሙ አትጠቀሙበት፦ የ3 ሰከንድ ሞገድ ግፊት 4 ሜትር ወርዶ ወለሉ ጋ ሲደርስ ከሲሶ በታች ነው የሚቀረው።